ላብ ሳይደርቅ ዱላ አይመለስም

በ፲፱፻፶፱ ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል ነበር። ሁዳዴው እስከ ሙቀቱ ወር ድረስ ዘለቀ። ከጥምቀት ወዲህ ደመና አላየንም፤ የሰቆጣ ቆርቆሮ ቤቶች ከረፋዱ ጀምሮ ይንጣጡ ነበር። ከሆሣዕና በፊት ባለው ረቡዕ፣ በፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ አንድ መንገደኛ ሦስት ጊዜ ውሃ ለመነኝ። ሦስቱንም ጊዜ ከለከልኩት። ከቀትር በኋላ ያው ሰው እኔ በመለስኩለት ዱላ የአክስቱን ልጅ መታ። የተመታው በአምስተኛው ቀን ዐረፈ።

ከሥራ ከተሰናበትኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ግንቦት ቤቴ ድረስ የመጣ አንድ ሹም ነው። በሙቀት ወራት በከተማ ውስጥ ድብድብና ግድያ ለምን እንደሚበዛ እንዲያጠና ታዞ ከደሴ የመጣ ነው። ሃያ ዓመት በር ላይ የቆመች ሴት አለች ብለውት መጣ። ጠየቀኝ፤ መለስኩለት። ሁለተኛውን ነገር ሳልጨርስ ደብተሩን አጠፈና፣ የአገሩ ሰው ደመ ሞቃት መሆኑን ቀድሞም እንደሚያውቅ ነገረኝ። ታዲያ ለምን መጣህ? አላልኩትም። አመስግኜ ሸኘሁት። እሱን የሸኘሁበት ዝምታ ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ። ስለዚህ እጽፈዋለሁ። አባቴ መሪጌታ ስለነበር ዳዊት አስደግሞኛል፤ መጻፉንም ከሱ ነው የተማርኩት። እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር።

ሥራ የገባሁት በ፲፱፻፵፪ መስከረም ነው። ባሌ ተከዜ ወርዶ በያዘው ንዳድ ሞቶ ሦስት ልጆች ይዤ ቀርቼ ነበር። በዚያው ሰሞን አንዲት ሴት ከመቀነቷ ሥር ጩቤ ደብቃ ችሎት ገብታ ለወንድሟ አቀበለችው። ፖሊሶቹ ሴት መንካት ነውር ሆኖባቸው ሳይፈትሿት ነው ያለፈችው። ከዚያ በኋላ ሴት የሚፈትሽ ሴት ይቀጠር ተባለ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ሦስት ልጆች አሳድጎልኛል፤ ተመስገን።

በወረቀት ላይ ሥራዬ መፈተሽ ብቻ ነው። በበሩ ላይ ግን ዱላ መቀበልም ነበረበት። ጠመንጃ የያዘ ለፖሊሶቹ ያስረክባል። ዱላ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ የያዘ ለእኛ ይሰጥና ይገባል፤ ሲወጣ ይወስዳል። እኛ ስል እኔንና አያ ተበጀን ማለቴ ነው።

አያ ተበጀ የበሩ ዘበኛ ነበሩ። አጭር፣ አንድ እግራቸውን የሚያነክሱ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። እኔም ብዙ ስለማልናገር ተስማማን። አንዳንዴ ከጠዋት እስከ ማታ አብረን ውለን የተነጋገርነው አሥር ቃል አይሞላም። ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት እጃቸውን እያየሁ ነው።

ዱላ የሚታወቀው በባለቤቱ ስም አይደለም። የወይራ ዱላ ዓመት በዓመት ሲያዝ መያዣው ላይ አንድ ስንዝር ያህል ጥቁርና ለስላሳ ቦታ ያወጣል። ቅቤ የጠጣ አለ፤ ጫፉ ብረት የተገጠመለት አለ፤ ተሰንጥቆ በጠፍር የታሰረ አለ። የታሰረ ዱላ አንድ ጊዜ ሰው ወይም ከብት ላይ ተሰብሯል ማለት ነው፤ ባለቤቱን ልብ ማለት ነው። አያ ተበጀ የከሳሽን በቀኝ ግድግዳ፣ የተከሳሽን በግራ ያቆማሉ። ሁለቱን አንድ ላይ አያስደግፉም። አንድ ቀን ቦታ ጠቦኝ ሳቀላቅል አይተው መጥተው ለያዩዋቸው፤ ምንም አላሉኝም።

ዋናው ሥራ ግን ዱላ መመለሱ ላይ ነው። ሰው ሲገባ ፍርዱን ተስፋ ያደርጋል፤ ሲወጣ ተናዷል። አያ ተበጀ ዱላውን ሊወስድ የመጣውን ሰው እጅ ይይዛሉ። ለሰላምታ ነው የሚመስለው። ከብቱ እንዴት ነው፣ ዝናብ ጣለላችሁ፣ እናትህ ተሻላቸው፣ እያሉ እጁን ሳይለቁ ያቆዩታል። እጁ ትኩስና እርጥብ ከሆነ፣ ና እዚህ ተቀመጥ ይሉታል። ከዚያ ከበሩ ሥር ካለው ጋን በጣሳ ውሃ ቀድተው ይሰጡታል። ትጠጣለህ ወይ ብለው አይጠይቁም። ኩሩ ሰው ከተጠየቀ አልጠማኝም ይላል፤ ከተሰጠው ግን ይጠጣል። አንድ ጊዜ ሰውዬው ቸኩሎ፣ ዱላዬን ስጡኝና ልሂድ፣ አላቸው።

«ላብህ ሳይደርቅ ዱላ አይመለስም» አሉት።

«የማን ሕግ ነው ይሄ?»

«የእኔ። ካልተስማማህ ተመልሰህ ግባና ክሰሰኝ። ተራው ግን ከፋሲካ በኋላ ነው።»

ሰውዬው ሳቀ። የሳቀ ሰው ዱላውን ሊወስድ ይችላል።

ሌላው ልማዳቸው ይህ ነበር፦ የሁለቱን ወገን ዱላ አብረው አይመልሱም። ሩቅ የሚሄደው ይቀድማል። ከበሩ እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ከቆምንበት ይታያል፤ የፊተኞቹ ወንዙን ተሻግረው ማዶ ሲወጡ ካላዩ ለኋለኞቹ አንድ ዱላ አይሰጡም። ኋለኞቹ ይቆጣሉ፤ ይሰድቧቸዋል። ያነክሱ ስለነበር ምን ዓይነት ስድብ እንደሚመርጡላቸው መገመት ነው። እሳቸው ወደ ወንዙ እያዩ ዝም ይላሉ።

በዚያን ጊዜ በግቢው መካከል አንድ ትልቅ ሾላ ነበረ። ከሰሃላ፣ ከፃግብጂ፣ ከየቆላው የመጣ ባለጉዳይ ከሥሩ ተኝቶ ተራውን ይጠብቅ ነበር። በ፲፱፻፶፩ ከሌላ አገር ተሹሞ የመጣ አንድ አለቃ፣ ትልቅ እንግዳ ሊመጣ ነው፣ ለሰልፍ ሜዳ ያስፈልጋል ብሎ አስቆረጠው። እንግዳው መጣ። ለአንድ ሰዓት ያህል ሰልፍ አየና ሄደ። አለቃውም በዓመቱ ተቀየረ። ሾላው ግን አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲያ ጥላ የሚገኘው ከግንቡ ሥር ብቻ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የግንቡ ጥላ ለሃያ ሰው ይበቃል። ሁሉም ከወገኑ ጋር ራቅ ራቅ ብሎ ይቆማል። አምስት ሰዓት ሲሆን ጥላው አንድ ክንድ ይሆናል። ከሳሽና ተከሳሽ ትከሻ ለትከሻ ይገጥማሉ። ስድስት ሰዓት ላይ እግራቸው ፀሐይ ላይ፣ ጀርባቸው የጋለ ድንጋይ ላይ ነው፤ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ይሰማል። ሊያየው የማይፈልገውን ሰው ላብ እያሸተተ ይቆማል። ያን ጊዜ፣ እግሬን ረገጥከኝ፣ ይጀመራል። ይህን በዓይኔ ሳይ የኖርኩ ነኝ። ለዚያ ሹም የነገርኩት ሁለተኛው ነገር ይህ ነበር።

የሚያበሳጨኝ፣ ሁሉም መልስ ነበረው። አንዱ ዳኛ የቆላ ሰው ደም ይፈላል ይል ነበር። የቆላውን ሰው እኔ አውቀዋለሁ፤ ሙቀትን እንዴት እንደሚያሳልፈው ከማንም ይበልጥ ያውቃል፤ ዛፍ ሥር ገብቶ ዝም ይላል። የሚብሰው ከተሜው ነው፤ የቆላው ሰውም ከተማ ሲገባ እንደሱ ይሆናል። ከተማ ውስጥ ዛፉም ግንቡም ደጃፉም ባለቤት አለው፤ የሚሸሽበት የለም። ሌላው ዳኛ ጠላ ነው ይል ነበር። በሁዳዴ፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት፣ ማን ጠላ ይጠጣል? ሦስተኛው ጠብ ይወዳሉ ይል ነበር። ክረምት ሲገባ ያው ሰው፣ በዚያው ክስ፣ ያንኑ ዱላ ይዞ ይመጣል፤ ጋቢውን ተከናንቦ፣ አፍንጫው ቀዝቅዞ፣ ባላጋራውን ደህና ዋልክ ይለዋል። ጠብ መውደዱ በክረምት የት ይሄዳል?

ዳስ ይጣልልን ብዬ ጠየቅኩ። ግድግዳ አይፈልግም፤ አራት ቋሚና ቅጠል ነው። ለአንዱ ዳኛ ስነግራቸው፣ ዳስ ለሰርግ ነው፣ እዚህ ማን ያገባል ብለው አሳቁብኝ። ለሚቀጥለው በጽሑፍ አቀረብኩ፤ ይታሰብበታል ተባለ። ለሦስተኛውም ጻፍኩ። እስካሁን እየታሰበበት ነው መሰለኝ። ስሰናበት ሰብስበው ጃንጥላ ሸለሙኝ። ጥሩ ጃንጥላ ነው፤ አንድ ሰው ያስጠልላል። አመሰገንኩ።

ስለ ሌሎች ይህን ያህል ካልኩ ስለ ራሴ ልናገር።

አያ ተበጀ በጾም ቀን ጋኑን ከበሩ ያነሡና ዱላ ወደምናስቀምጥባት ክፍል ያስገቡታል። ከባለጉዳዩ መካከል የደከመ፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ሲያዩ፣ «ና እስቲ፣ ዱላህ የቱ እንደሆነ አሳየኝ» ብለው ይጠሩታል። የሁሉንም ዱላ እንደ ልጆቻቸው እያወቁ። ሰውዬው ገብቶ ሲወጣ አፉን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ ነው። ማንም ምንም አያይም። እኔ አያለሁ። ያየሁ ቁጥር ከንፈሬን እነክስ ነበር። የንስሐ አባቴ ልጅ ሆኜ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ በአፌ የማይዞር ሴት ሆኜ፣ ከዚህ ጾም ማስፈቻ ጎን መቆሜ ይከብደኝ ነበር። አልተናገርኳቸውም። እሳቸውም አላስረዱኝም።

በ፲፱፻፶፫ ዓይናቸው ደከመና ወደ አገራቸው ገቡ፤ ብዙ ሳይቆዩ ዐረፉ። በሩ የእኔ ሆነ። ልማዳቸውን ሁሉ ያዝኩ፤ እጅ መያዙን፣ ወንዙን ማየቱን፣ ዱላ መለያየቱን። አንዱን ብቻ አሻሻልኩ። በመጀመሪያው ሁዳዴ ጋኑን ደፋሁት። በሩን ያጸዳሁ መስሎኝ ነበር። ስድስት ዓመት በጾም ቀን ጋኑ ተደፍቶ ቆመ። በዚያ ስድስት ዓመት በሁዳዴ ማለቂያ በበሩ ላይ ጠብ እየበዛ ሲሄድ፣ ሾላውን የቆረጠውን አለቃ እረግም ነበር። እሱንም መርገም ይገባል። ጋኑን ግን አላየሁትም።

ወደዚያ ረቡዕ ልመለስ።

ኪሮስ የሰሃላ ሰው ነበር፤ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ቀጭን፣ የማይጮኽ። ከአክስቱ ልጅ ከወረታ ጋር በአያታቸው መሬት ይካሰሱ ነበር። ወረታ ከፃግብጂ ወጥቶ ሰቆጣ ሱቅ የከፈተ፣ ቀልድ የሚወድ፣ ከተማው የሚያውቀው ሰው ነው። ሁለት ዓመት ተመላልሰዋል። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ገብተው መሬቱን አካፍለዋቸው ነበር። የቀረው ዳኛው ፊት ቀርበው ስምምነቱን ማጽደቅ ብቻ ነው። የሚፈጀው ጊዜ አንድ ማስነጠስ አይሞላም። በዚያ ቀን ያልቅ ነበር።

ኪሮስ ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ዱላውን ሰጠኝ። በጠፍር የታሰረ አልነበረም፤ ደህና ዱላ ነው። እጁ ትኩስ ነበር። «እናቴ፣ ጉንጭ ውሃ» አለኝ ዝቅ ብሎ፣ በኽምጣንጋ። እኔም የዚያው ቋንቋ ልጅ ነኝ። ሁዳዴ ነው አልኩት። አፍሮ ፈገግ አለና ሄደ።

ዳኛው አልመጡም። አምስት ሰዓት ላይ ተመልሶ መጣ፤ አፌን ላርጥብበት ብቻ አለ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ና አልኩት። ወደ ግንቡ ተመለሰ። ወረታ እዚያ ነበር። ጥላው አንድ ክንድ ስለነበር አጠገቡ ከመቆም ሌላ ቦታ አልነበረውም።

ሰባት ሰዓት ላይ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነጭ ሆኗል። እኔም ጠምቶኛል፤ ራሴ እየፈለጠኝ ነው፤ ትዕግሥቴ አልቋል። በቋንቋችን በጆሮው ልነግረው እችል ነበር። በአማርኛ፣ ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ፣

«አንተ ሰው፣ ሁዳዴ መሆኑን ስንት ጊዜ ልንገርህ?» አልኩት።

ግቢው ዞሮ አየው። ወረታ ከግንቡ ሥር ሆኖ፣

«ተዪው እትዬ ለተብርሃን፤ ጾም ገና ሰሃላ አልደረሰም። መንገዱ መጥፎ ስለሆነ ነው» አለ።

ሰዉ ሳቀ። ወረታ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሙቀቱን እያሳለፈ ነበር። እኔ አልሳቅኩም፤ ዝም በል ግን አላልኩትም። ኪሮስ ተመልሶ የሳቁበት ሰዎች መካከል ገብቶ ቆመ፤ ሌላ የሚቆምበት የለምና።

ስምንት ሰዓት ላይ ጸሐፊው ወጣና ዳኛው አሟቸዋል፣ የዛሬው ሁሉ ለዳግም ትንሣኤ ማግስት ተቀጥሯል አለ። ሁለት ቀን ለመምጣት፣ ሁለት ቀን ለመመለስ፣ እንደገና አራት ቀን። ሁሉም ወደ በሩ ጎረፈ። ቅዳሴው ሊወጣ ደርሶ ነበር፤ የደብሩን ደወል ሰማሁ። ልደርስበት ፈለግኩ። አንድ ጊዜ እንኳ የማንንም እጅ ሳልይዝ፣ ወንዙን ሳላይ፣ ከቀኝም ከግራም እያነሣሁ ዱላ አደልኩ። ለኪሮስም ሰጠሁት፤ ከኋላው ለነበረው ለወረታም ሰጠሁት። ወረታ ዱላውን ሲቀበል ለኪሮስ፣ በል እንግዲህ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው፣ ትንሽ ታገሥ፣ አለው። ማጽናናቱ ይሁን ማሾፉ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ኪሮስ አንድ ጊዜ ነው የመታው። ከዚያ ዱላውን መሬት ላይ ጥሎ ተቀመጠ። ፖሊሶቹ ሲይዙት አልታገለም። ወረታን በቃሬዛ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱት። ኪሮስ እኔን ቀና ብሎ አየኝ። ውሃ አልጠየቀኝም።

አሟቸዋል የተባሉት ዳኛ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። ምን ጠጥተው ነው እንዲህ የሆኑት ብለው ጠየቁኝ።

«ጌታዬ፣ ውሃም አልጠጡም» አልኳቸው።

አልገባቸውም። ከሌላ ሰው ጠየቁና፣ ቂም በቀል፣ ብለው አስጻፉ። ከዚያ ወዲያ በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ ሰው ተጨመረ። ዳስ አይደለም፤ ጠመንጃ። እሱም ከግንቡ ሥር ያለችውን ጥላ ተካፈለ።

ቅዳሴው ከወጣ በኋላ ወደ ደብሩ ሄጄ የንስሐ አባቴን አገኘኋቸው። ከደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ከጋኑ ጀምሬ፣ ስድስቱን ዓመት ሳላስቀር።

«ሁዳዴ ነበር፣ አባቴ» አልኩ በመጨረሻ።

«ሁዳዴ መሆኑንማ አውቃለሁ፤ ቀድሼ መውጣቴ ነው» አሉ። ተቆጥተው በክርስትና ስሜ ጠሩኝ። «ወለተ ማርያም፣ ጾሙን ያዘዝኩት ላንቺ ነው። ለበሩ አዝዣለሁ?»

«አላዘዙም።»

«ሁለት ቀን በእግሩ የመጣ መንገደኛ ውሃ ሲለምንሽ መልሱን ከኔ መጥተሽ ጠየቅሽ?»

«አልጠየቅኩም።»

ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ብዙ ስግደት እፈልግ ነበር፤ ይቀለኝ ነበርና። አልሰጡኝም።

«ነገ የወረታ ዘመዶች ይመጣሉ» አሉኝ። «ኪሮስም ለጊዜ ቀጠሮ ይቀርባል። በሩ ላይ የምትቆሚው አንቺ ነሽ። እሱን ተወጪና ተመለሺ፤ ያን ጊዜ ስለ ንስሐሽ እንነጋገራለን።»

ትክክል ነበሩ። የወረታ ታላቅ ወንድም አያ አለሙ ፃግብጂ ነው የሚኖሩት። ወሬው በዚያው ምሽት ይደርሳቸዋል። ኪሮስ ለእሳቸውም የአክስት ልጅ ነው፤ ያ ግን በእንዲህ ያለ ቀን ጠቡን ያብሰዋል እንጂ አያበርደውም። እስከዚያ ድረስ በበሩ የፈሰሰው የአንድ ሰው ደም ነበር። ሁለተኛው ከፈሰሰ ሦስተኛውን የሚያቆመው አልነበረም።

በማግሥቱ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። ጸሎቴን አደረስኩ። ወደ ምንጩ ሁለት ጊዜ በእንስራ ተመላልሼ ጋኑን ሞላሁት። አያ ተበጀ እንደሚያደርጉት ወደ ክፍሉ ላስገባው አሰብኩና ተውኩት። የሚመጡት ሰዎች ለብቻቸው ተጠርተው የሚገቡ አልነበሩም። ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከመንገድ በሚታይበት ቦታ አስቀመጥኩት።

ሁለት ሰዓት ላይ መጡ። ስምንት ነበሩ። ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው እስከ ጉልበታቸው አቧራ ለብሰዋል። አያ አለሙ ከፊት ናቸው፤ ጢማቸው የሸበተ፣ በጾም አክባሪነታቸው አገር የሚያውቃቸው ሰው። ሁሉም ዱላቸውን በትከሻቸው ይዘዋል። ፀሐይዋ ገና በጠዋቱ ማቃጠል ጀምራለች። ኪሮስን ከእስር ቤት የሚያመጡት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ከኋላዬ የቆሙት ሁለት ፖሊሶች ጠመንጃቸውን ሲያስተካክሉ ሰማሁ፤ ተዉ አልኳቸው ሳልዞር።

«ዱላዎን፣ አያ አለሙ» አልኩ።

ዱላውን ከትከሻቸው አላወረዱም። ከኋላቸው ያሉትም አልተነቃነቁም። በግቢው ያለው ባለጉዳይ ሁሉ ከግንቡ ሥር ሆኖ ያያል። በጣሳው ውሃ ቀድቼ ዘረጋሁላቸው።

«ሁዳዴ ነው» አሉኝ። ትናንት እኔ ያልኳትን ቃል።

እጃቸው አልተዘረጋም። ከንፈራቸው ግን የኪሮስን ይመስል ነበር። እንደማይጠጡ አወቅኩ፤ በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት የመጀመሪያው መሆን አይችሉም። ጣሳውን ወደ ራሴ መለስኩ። አማተብኩ። እስከ ታች ጠጣሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ በሁዳዴ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ ቀምሼ አላውቅም ነበር። ቀዝቃዛ ነበር። ከግንቡ ሥር አንዲት ሴት፣ ውይ፣ ስትል ሰማሁ።

አያ አለሙ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«ጾምሽን ፈታሽ?»

በኽምጣንጋ መለስኩላቸው፤ ዝቅ አድርጌ። «ፈታሁ።»

«ሕዝብ እያየ?»

«ትናንት ኪሮስን የከለከልኩት ሕዝብ እያየ ነው፣ አያ አለሙ። ወንድምዎን የመታበትን ዱላ የሰጠሁትም እኔ ነኝ። ላቡ ሳይደርቅ።»

ላብ ከግንባራቸው ወርዶ ጢማቸው ውስጥ ገባ። ከኋላቸው ካሉት አንዱ ሊናገር ሲል እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት። ከዚያ ዱላውን ከትከሻቸው አወረዱና ሰጡኝ።

መያዣው እርጥብ ነበር። ወደ ክፍሉ ገብቼ በቀኝ ግድግዳ ብቻውን አቆምኩት። ተመልሼ ወጣሁና ጣሳውን እንደገና ቀዳሁ።